የስክሩጅ የከሰል ሣጥን

ዲሴምበር ሲገባ በአሜሪካ በብዙ ሚድል ስኩሎች፣ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ፣ የአንድ ሽማግሌ ስም ይነሣል። ኤቤኔዘር ስክሩጅ ይባላል። ቻርልስ ዲከንስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1843 ባሳተመው «አ ክሪስማስ ካሮል»፣ በእኛ ቋንቋ «የገና መዝሙር» ልንለው በምንችለው አጭር መጽሐፍ ውስጥ የሚኖር የለንደን ነጋዴና አበዳሪ ነው። አንዳንድ መምህራን መጽሐፉን እንዳለ ያስነብባሉ፤ ብዙ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች ግን የሚያገኙት አሜሪካዊው ጸሐፌ ተውኔት እስራኤል ሆሮዊትዝ ወደ ተውኔት የቀየረውንና በመማሪያ መጽሐፍ የገባውን ነው። ታሪኩን ያላነበበም በወሬ ያውቀዋል። ገንዘብ እንጂ ሰው የማይወድ ሽማግሌ በገና ዋዜማ ሌሊት የሞተ ሸሪኩ መንፈስ ይመጣበታል፤ ከዚያ ሦስት መናፍስት ተራ በተራ ያለፈውን፣ ያለውንና የሚመጣውን ያሳዩታል፤ ሲነጋ ሌላ ሰው ሆኖ ይነሣል። ንባቡ ሲያልቅ ተማሪው ፊት የምትቀርበው ጥያቄም የታወቀች ናት፤ ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? መልሱም ከጥያቄው ቀድሞ የተዘጋጀ ነው። ስስት መጥፎ ነው፣ ለጋስነት መልካም ነው።

መልሱ ስሕተት የለበትም። ችግሩ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ መጽሐፉን ሳይገልጥም የሚያውቀው መሆኑ ነው። እናቱ ነግራዋለች፣ አያቱ ነግረውታል፣ ታናሹን አላካፍልም ባለ ቁጥር ሰምቶታል። ሳምንታት ተነቦ ልጁ ከቤቱ ይዞት የመጣውን ዓረፍተ ነገር መልሶ የሚያስረክበው ትምህርት ምንም አልጨመረለትም። ስለዚህ በአንድ የምግባር ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ያነሰ ማስተማር የሚያስፈልገው ምክሩ ራሱ ነው ብዬ አምናለሁ። መማር የሚያሻው ታሪኩ ወደዚያ ምክር የደረሰበት መንገድ ነው፤ ሰውዬው ቀድሞ ምን ያስብ ነበር፣ ከእርሱ ጋር እነማን ይስማሙ ነበር፣ ስንት ሰው መክሮት ያልሰማውን በመጨረሻ ምን አሰማው? እነዚህን ሳይጠይቅ ወደ ማጠቃለያው የሚሮጥ ክፍል መጽሐፉን አንብቦታል ለማለት ይቸግራል።

ዲከንስ ራሱ በምክርና በታሪክ መካከል ያለውን ልዩነት ጠንቅቆ ያውቅ ነበር፤ መጽሐፉም የተወለደው ከዚያ ነው። በ1842 እና በ1843 በእንግሊዝ መንግሥት የተቋቋመ ኮሚሽን በማዕድን ጉድጓዶችና በፋብሪካዎች ስለሚሠሩ ሕፃናት ሪፖርቶች አወጣ። ከመሬት በታች፣ በጨለማ ውስጥ፣ ገና ስድስትና ሰባት ዓመት የሆናቸው ልጆች ይሠሩ ነበር። ዲከንስ ሪፖርቱን ሲያነብ አንጀቱ ተቃጠለ፤ ስለ ድሃው ልጅ ለእንግሊዝ ሕዝብ አቤት የሚል አነስተኛ ጽሑፍ ሊያሳትም አሰበ። ብዙም ሳይቆይ ግን ሐሳቡን ለወጠ። ከኮሚሽኑ አባላት ለአንዱ በጻፈው ደብዳቤ፣ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ቢታገሡት ከአቤቱታው እጅግ የበረታ ምት እንደሚያሳርፍ ነገረው። በሴፕቴምበር በለንደን ፊልድ ሌን የሚባለውን፣ ቡቱቶ የለበሱ የጎዳና ልጆች የሚማሩበትን ትምህርት ቤት ጎበኘ፤ በኦክቶበር ማንችስተር ሄዶ ስለ ትምህርት ንግግር አደረገ፤ ከዚያ ተመልሶ በስድስት ሳምንት ግድም ታሪኩን ጻፈው። ዲሴምበር 19 ቀን ለገበያ ወጣ፤ የመጀመሪያው እትም 6,000 ቅጂ የገና ዋዜማ ሳያልፍ ተሸጦ አለቀ።

ጉዳዩ ለዲከንስ በወረቀት ብቻ የሚያውቀው አልነበረም። በ1824፣ አሥራ ሁለት ዓመቱ ሳለ፣ አባቱ በዕዳ ማርሻልሲ ወህኒ ቤት ሲገባ እርሱ የጫማ ቀለም ፋብሪካ ገብቶ በቀለም ብልቃጦች ላይ ወረቀት ይለጥፍ ነበር፤ ደመወዙ በሳምንት 6 ሽልንግ። እንግዲህ ሪፖርቱ በእጁ፣ ሕመሙ በሰውነቱ፣ ክርክሩም በአፉ የነበረ ሰው ነው። ምክሩን በአንድ ገጽ ጽፎ መጨረስ ሲችል አምስት ምዕራፍ መናፍስት ለምን አስፈለገው? የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ይህን ጥያቄ ይዞ ወደ መጽሐፉ ቢገባ፣ «ምን እንማራለን» ከምትለው ይልቅ ብዙ ርቀት ትወስደዋለች።

ከጥያቄው ጋር የገባ ልጅ መጀመሪያ የሚያስተውለው፣ ስክሩጅ ተራ ቆንቋና አለመሆኑን ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ ሁለት ሰዎች ለድሆች ገንዘብ ሊሰበስቡ ቢሮው ይመጣሉ። ስክሩጅ የለኝም አይልም። ወህኒ ቤቶቹ፣ እስረኞች እየረገጡ የሚያዞሩት መዘውርና ወርክሃውስ የሚባሉት የድሆች ማጎሪያዎች ሥራቸውን አቁመው እንደሆነ ይጠይቃል፤ እነዚህን ተቋማት በገንዘቡ እንደሚደግፍ፣ ችግረኛም ወደዚያ ይሂድ ይላል። ብዙዎች ወደዚያ ከመግባት መሞትን ይመርጣሉ ሲሉት፣ ይሙቱና ትርፉ የሕዝብ ቁጥር ይቀነስ ብሎ ያሰናብታቸዋል። ይህ ከአንድ ሽማግሌ ክፋት የፈለቀ ንግግር አይደለም። በ1834 የወጣው የድሆች ሕግ እርዳታ የፈለገ ሰው ወርክሃውስ እንዲገባ የሚያደርግ ነበር፤ በዚያ ባል ከሚስት፣ ወላጅ ከልጅ ይለያያሉ፤ ኑሮውም ማንም ወድዶ እንዳይመጣ ታስቦ ከዝቅተኛው ሠራተኛ ኑሮ የከፋ ተደርጎ የተሠራ ነበር። የሕዝብ ቁጥር ከምግቡ ይቀድማል የሚለውን ሐሳብ ደግሞ ቶማስ ማልተስ በ1798 ጽፎት፣ የተማረው ክፍል በሰፊው ይከራከርበት ነበር። ስክሩጅ ሕግ አልጣሰም፤ ግብሩን ይከፍላል፤ የዘመኑን የተከበረ አስተያየት ይናገራል። «ስክሩጅ ክፉ ነው» ብሎ የጻፈ ተማሪ አልተሳሳተም፤ ነገር ግን የመጽሐፉን ዋና ኃይል ገና አልነካውም። የሚያስፈራው ስክሩጅ የሚናገረውን ያን ጊዜ ብዙ ጨዋ ሰዎች ይናገሩት መኖራቸው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ትንሽ ስሌት ብዙ ታሳያለች። መጽሐፉ ሲወጣ ዋጋው 5 ሽልንግ ነበር። የስክሩጅ ጸሐፊ ቦብ ክራቺት በሳምንት የሚያገኘው 15 ሽልንግ ነው። ቦብ ስለ ራሱ የተጻፈውን መጽሐፍ ለመግዛት የሳምንት ደመወዙን ሲሶ መክፈል ነበረበት፤ ሚስትና ስድስት ልጅ ያለው ሰው ይህን አያደርግም። በ1843 መደብር ገብቶ መጽሐፉን የገዛው ሰው ከቦብ ይልቅ ለስክሩጅ የሚቀርብ ሰው ነበር፤ ሠራተኛ የሚቀጥር፣ ግብር የሚከፍል፣ ስለ ድሆች ሕግ አስተያየት ያለው። ዲከንስ የሚያናግረው ይህን ሰው ነበር። ሰባተኛ ክፍል ይህን ሒሳብ ለመሥራት ካልኩሌተር አያስፈልገውም፤ ሠርቶት ሲያበቃ ግን ታሪኩ ለማን እንደተጻፈ በራሱ እጅ ደርሶበታል።

እንዲህ ያለ ገዢ፣ ለጋስ ሁን ቢሉት፣ ነኝ ብሎ ያልፋል። ስለዚህ ዲከንስ በሌላ በር ይገባል። አንዱን በር ብቻ ቀረብ ብለን እንየው፤ እሳቱን። ታሪኩ ሲከፈት በስክሩጅ ቢሮ የሚነደው እሳት ትንሽ ነው፤ የጸሐፊው ደግሞ ከዚያም ያነሰ፣ አንድ ፍም ብቻ የሚመስል። ቦብ ከሰል ሊጨምርበት አይችልም፤ የከሰሉ ሣጥን ያለው በስክሩጅ ክፍል ውስጥ ነው፣ አካፋውን ይዞ የገባ ዕለትም እንጀራው እንደሚጠፋ ያውቃል። ነጭ የአንገት ልብሱን ጠምጥሞ በሻማው ሊሞቅ ይሞክራል። አንባቢ ቁንጥጫ የምታህለዋን ዝርዝር አይቶ ያልፋታል። ከዚያ የመጀመሪያው መንፈስ ስክሩጅን ወደ ልጅነቱ ይወስደዋል፤ ጓደኞቹ ሁሉ ለበዓል ወደየቤታቸው ሄደው፣ በባዶ ትምህርት ቤት አንድ ልጅ ብቻውን ተቀምጦ ያነብባል። የሚያነብበው ከደከመ እሳት አጠገብ ነው። ሽማግሌው የረሳውን ራሱን ሲያይ ተቀምጦ ያለቅሳል። ቀጥሎ የሚያስታውሰው፣ በዋዜማው ምሽት በቢሮው በር ላይ ሊዘምርለት መጥቶ ያባረረውን ልጅ ነው፤ ምነው አንድ ነገር በሰጠሁት ይላል። ስለ ድሆች ማንም አልሰበከውም። ቀዝቅዞት የነበረ አንድ ልጅ አየ፤ ልጁ እርሱ ነበር።

እሳቱ ከዚያም አይጠፋም። ስክሩጅ በወጣትነቱ ተለማማጅ ሆኖ ያገለገለበት የፌዚዊግ መጋዘን ለገና ጭፈራ ሲዘጋጅ፣ ወለሉ ተጠርጎ ምድጃው ማገዶ ይከመርበታል። መንፈሱ ሆን ብሎ ያቃልለዋል፤ ጌታህ ያወጣው ሦስት ወይም አራት ፓውንድ ነው፣ ይህ ምን ያስመሰግነዋል ይለዋል። ስክሩጅ ይቆጣል። አለቃ የሠራተኛውን ሥራ ቀላል ወይም ሸክም የማድረግ ሥልጣን እንዳለው፣ ይህም በቃልና በፊት ገጽታ፣ ተቆጥሮ በማያልቅ ትንንሽ ነገር እንደሚደረግ ያስረዳል፤ ከዚያ በድንገት ዝም ይላል። አሁን ጸሐፊዬን አንድ ሁለት ቃል ባናግረው ደስ ይለኝ ነበር ይላል። በመጽሐፉ ውስጥ ካሉት ሁሉ እኔ ይህን ዝምታ አስበልጣለሁ። ክርክሩን የተናገረው ስክሩጅ ነው፤ የተረታውም በራሱ አፍ ነው። ሁለተኛው መንፈስ ሲመጣ የስክሩጅ የራሱ ክፍል፣ በእርሱ ዘመን አይቶት በማያውቀው እሳት ተሞልቶ ይጠብቀዋል። በመጨረሻም፣ ከገና ማግሥት፣ ቦብ ከአሥራ ስምንት ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ሲገባ፣ ስክሩጅ የተቆጣ መስሎ ካስደነገጠው በኋላ ደመወዙን እንደሚጨምርለት ይነግረውና ወዲያው አንድ ትእዛዝ ይሰጠዋል፤ ሌላ ፊደል ሳትጽፍ እሳቱን አንድድ፣ ሌላ የከሰል ሣጥንም ግዛ። የስክሩጅ መለወጥ የተጻፈው በከሰል ነው። ይህን መስመር ከመጀመሪያው ምዕራፍ እስከ አምስተኛው የተከተለ ልጅ፣ መምህራን «ጭብጥ» የሚሉት ነገር ምን እንደሆነ ማንም ሳይተረጉምለት ገብቶታል። በአሜሪካ ብዙ ክፍለ ግዛቶች የተቀበሉት የ2010 የትምህርት መለኪያም ከሰባተኛ ክፍል የሚጠይቀው ጭብጡን መናገር ብቻ አይደለም፤ ጭብጡ ከታሪኩ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዴት እያደገ እንደሄደ መመርመርንም ነው። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይህ ሁለተኛው ግማሽ ነው።

ይህን አቋም የሚቃወም ሰው አይጠፋም፤ ክብደት ያላቸው መቃወሚያዎችም አሉ። የመጀመሪያው ከቋንቋው ነው። የ1843 እንግሊዝኛ፣ ዛሬ ከአገልግሎት የወጡ ቃላትና ሐረግ የሚጎትቱ ረዣዥም ዓረፍተ ነገሮች፣ ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ፣ ይልቁንም በቤቱ አማርኛ ወይም ስፓኒሽ ለሚናገር ልጅ ከባድ ነው ይባላል። ከባድ መሆኑ እውነት ነው። ግን መጽሐፉ 30 ሺህ ቃላት የማይሞላ አጭር ነው፤ ዲከንስ ራሱ ለሕዝብ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብበው የኖረ በመሆኑም ለጆሮ የተመቸ ነው። መምህር አንብቦ ሲያሰማው ዓይን ላይ የተቋጠረው ዓረፍተ ነገር ጆሮ ላይ ይፈታል። ተውኔቱም የራሱ ጥቅም አለው፤ ልጆች ተከፋፍለው ይጫወቱታል። የተራኪው ድምፅ ግን ለተዋንያን ንግግር ቦታውን ይለቃል፤ እነዚያ ትንንሽ ዝርዝሮችም አብዛኞቹ የሚኖሩት በተራኪው ድምፅ ውስጥ ነው። ስለዚህ ተውኔቱን የሚያነብ ክፍል ቢያንስ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ጥቂት ገጾች ከዋናው አጠገብ አድርጎ ቢያስተያይ፣ የትኛው ምን እንደያዘና ምን እንደጣለ ያያል።

ሁለተኛው መቃወሚያ የሃይማኖት ነው። በመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ሙስሊም፣ አይሁድና ሂንዱ ልጆች በተቀመጡበት ክፍል፣ የገና መጽሐፍ ለምን? ገናን ታኅሣሥ 29 ቀን ለሚያከብር የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተሰብ ልጅም ቢሆን የስክሩጅ ገና የራሱ ገና አይደለም። ሆኖም ገጾቹን የገለጠ ሰው የሚያገኘው ስብከት ጥቂት ነው። መናፍስቱ መላእክት አይደሉም፤ ስለ ክርስቶስ ልደት የሚነገረውም በጣም ትንሽ ነው። እንዲያውም ሁለተኛው መንፈስ፣ በሃይማኖት ስም ለድሆች የእሑድ ምሳቸውን የሚያበስሉላቸው ዳቦ ቤቶች እንዲዘጉ የሚፈልጉ ሰዎችን የእኛ አይደሉም ብሎ ይክዳቸዋል። መጽሐፉ ገናን የሚወስደው፣ ሰው ዓመቱን ሙሉ የዘጋውን በር አንድ ቀን የሚከፍትበት ወቅት አድርጎ ነው፤ እንዲህ ያለ ቀን የሌለው ሃይማኖት አላውቅም።

ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል፤ መቸኮል የለብንም። ጆርጅ ኦርዌል በ1940 ስለ ዲከንስ ባሳተመው ድርሰት፣ የዲከንስ ትችት ከሞላ ጎደል የምግባር ትችት ብቻ መሆኑን፣ የኅብረተሰቡን አወቃቀር ሳይሆን የሰዎችን ልብ ለመለወጥ እንደሚፈልግ ጽፏል። መቃወሚያው ወደ ክፍል ሲገባ እንዲህ ይሆናል፤ ስክሩጅ ቱርክ ዶሮ ገዝቶ ላከ፣ ደመወዝ ጨመረ፣ አካል ጉዳተኛው የቦብ ልጅ ትንሹ ቲም ዳነ፤ ወርክሃውሱስ? ሕጉስ? ጌታው ሌሊት መናፍስት ያልጎበኙት የሌላ ቢሮ ጸሐፊ ምን ይሁን? ልጆችን የአንድ ሀብታም ቸርነት ችግርን ይፈታል ብለን እያስተማርናቸው ከሆነ፣ ከምክሩ በታች ሌላ የተሳሳተ ምክር እያስገባን ነው። ይህን ጥያቄ አንሥቶ ያላለፈ ክፍል መጽሐፉን በግማሽ አንብቧል እላለሁ። ነገር ግን ጥያቄው የሚነሣው ከመጽሐፉ ውስጥም ነው። በሦስተኛው ምዕራፍ መጨረሻ፣ የሁለተኛው መንፈስ ካባ ሥር ሁለት የተራቆቱ፣ የከሱ፣ አውሬ የመሰሉ ሕፃናት ተገትረው ይታያሉ። ወንዱ ድንቁርና፣ ሴቷ እጦት ናቸው። ስክሩጅ የማን ልጆች ናቸው ብሎ ሲጠይቅ መልሱ የሰው ልጅ ሁሉ የሚል ነው፤ ከሁለቱ ይልቅ ልጁን ፍሩት፣ በግንባሩ ላይ ጥፋት ተጽፏል ተብሎ ይነገረዋል። መጠጊያ የላቸውም ወይ ሲል፣ ወህኒ ቤትና ወርክሃውስ የለም ወይ የሚለው የራሱ ቃል ይመለስበታል። እነዚህን ሁለት ሕፃናት ታሪኩ አያድናቸውም። ቲም ሲድን እነርሱ እንደቆሙ ይቀራሉ፤ በመጨረሻው ምዕራፍ ማንም አያነሣቸውም። ዲከንስ ከፊልድ ሌን ትምህርት ቤት ይዞ የመጣቸው ልጆች እነዚህ ይመስሉኛል፤ አንድ ስክሩጅ ቢለወጥ የማይበቃቸው ልጆች። «ድንቁርናና እጦት የት ደረሱ?» የምትል ጥያቄ በሰባተኛ ክፍል ሰሌዳ ላይ ብትጻፍ፣ የኦርዌልን መቃወሚያ ልጆቹ ስሙን ሳይሰሙ ያነሡታል። ኦርዌልም ቢሆን የምግባር ትችትን ከንቱ አላለም፤ ከፖለቲካው ያላነሰ አብዮታዊ ሊሆን እንደሚችል በዚያው ድርሰት አምኗል።

አራተኛ መቃወሚያ ከወላጆች ይመጣል፤ በተለይ በተረት ካደግን ወላጆች። ልጅን በግልጽ መምከር ምን ክፋት አለው? እኛ ያደግነው ተረቱ ሲያልቅ ቁም ነገሩ እየተነገረን አይደለም ወይ? እውነት ነው። ግን ጥሩ ተረት ነጋሪ አያት ቁም ነገሩን አስቀድሞ አይናገርም፤ ጅቡ ወደ ጉድጓዱ ሲጠጋ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ልጆቹ ወዮ እንዲሉ ይጠብቃል፣ አህያዋ ምን አለች ብሎ ይጠይቃል። የሚታወሰውም ከቁም ነገሩ ይልቅ ያ ዝቅ ያለ ድምፅ ነው። በአሜሪካ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ የሚኖር፣ እንግሊዝኛው ለልጁ መጽሐፍ አይደርስልኝም ብሎ የሚሰጋ አባት ይህን ችሎታ ከልጁ መምህር ባላነሰ ይዞታል። የ1843ን እንግሊዝኛ ማንበብ አይጠበቅበትም። ማታ ከእራት በኋላ፣ በአማርኛ፣ ልጄ፣ ከሰሉ ያለው በማን ክፍል ነበር፣ ጸሐፊው በምን ይሞቅ ነበር፣ ሽማግሌው በመጨረሻ ምን አስገዛው ብሎ መጠየቅ ይበቃዋል። ልጁ መልሱን ለመፈለግ ገጹን ወደ ኋላ መግለጥ ሲጀምር፣ ያች «ምን እንማራለን» የምትል ጥያቄ ያለችበት ወረቀት ቦርሳው ውስጥ እስከ ነገ ብትቆይ ምንም አይደል።